መሰረዝ፣ መደለዝ፣ መፋቅ፤ በትእዛዝ መስመር ላይ የሚደረግ እርማት ታሪክና ስያሜ

የስያሜ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገሩን ማወቅን ነው፤ ቃል መፈለግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን የቆየ ሐሳብ ደግመን እንድናነሣ ያደረገን በጉለሌ በሚገኘው የሥራ ክፍላችን ለውይይት የቀረበ አንድ አጭር የቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚመለከተው ትእዛዝን በመስመር እየጻፉ መልሱን ወዲያው የሚቀበሉባቸውን የፕሮግራም መሣሪያዎች ሲሆን፣ በተለይም የተጻፈው መስመር ለኮምፒዩተሩ ከመላኩ በፊት እንዴት እንደሚታረም የሚያመለክቱ ተግባራትን የያዘ ነበር። ከተግባራቱም በአብዛኞቹ አንጻር «አጥፋ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፎ አገኘን። አንድ ፊደል ማስወገድም «አጥፋ»፣ አንድ ቃል ማንሣትም «አጥፋ»፣ መስመሩን በሙሉ መተውም «አጥፋ» ተብሏል።

በአማርኛ ግን እሳት ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ ከብት ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩም ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ የሚያነብ ጀማሪ ፊደሉን እንዲያስወግድ ታዞ እንደሆነ ወይም መሣሪያውን እንዲዘጋ ተነግሮት እንደሆነ ለመለየት በግምት መሄድ ግድ ይሆንበታል። ይህም የሆነው ቋንቋው ድኻ ሆኖ አይደለም። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ያሉን ቃላት ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው።

በጽሕፈት ባህላችን ስሕተትን ማስወገድ አንድ ወጥ ሥራ ሆኖ አያውቅም። የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በስለት ይፍቀዋል፤ በተፋቀው ስፍራም ትክክለኛውን ይጽፋል። ቃል ዘሎ እንደሆነም በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳግ ይጨምረዋል። በወረቀት ላይ በሚጻፍ ውልና ኑዛዜ ደግሞ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። ሁለቱ ቃላት ለማሳመር ብቻ የተደረደሩ አይደሉም። ሰረዘ ማለት በቃሉ ላይ መስመር ማስመር ነው፤ የተሰረዘው ከሥር ይነበባል፣ ምስክርም ሊሆን ይችላል። ደለዘ ማለት ግን በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ወይም ሌላ ጽሕፈት ጭኖ የቀድሞው እንዳይነበብ ማድረግ ነው። በመፋቅ ጊዜ የቀድሞው ጽሕፈት ይወገዳል፤ ስፍራው ግን ለሌላ ጽሕፈት ባዶ ሆኖ ይቆያል። ሦስቱ ሥራዎች ሦስት ውጤት አላቸው፤ ዳኛም ቢሆን ሦስቱን አንድ አድርጎ አያይም።

ለጠቅላላው ሥራ የሚሆኑ ሁለት ቃላትም አሉን። አንደኛው «እርማት» ሲሆን፣ ግሱ አረመ በእርሻም በጽሕፈትም ያገለግላል፤ ገበሬው ከማሳው የማይፈለገውን ቡቃያ ያርማል፣ መምህሩም የተማሪውን ጽሑፍ ያርማል። ሁለተኛው ከግእዙ ረትዐ የተገኘው «አርትዖት» ነው፤ ይኸውም ማቅናት፣ ርቱዕ ማድረግ ማለት ነው። አርትዖት የድርሰትን አሳብና አወራረድ ለሚያቀና ሰው ሥራ ተለምዷል። በትእዛዝ መስመር ላይ የሚደረገው ግን ከአረም ነቀላ ጋር የሚቀራረብ የእጅ ሥራ ስለ ሆነ «የመስመር እርማት» የሚለውን መርጠናል።

አሁን ወደ መሣሪያው ታሪክ እንለፍ፤ እንግዳ የሚመስለው ነገር እዚህ ላይ ነውና። እነዚያ ሦስት የእርማት ዐይነቶች በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ተራ በተራ ብቅ ብለዋል። መልእክት በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ በሚላክበት በቴሌፕሪንተር ዘመን፣ አንድ ጊዜ የተበሳን ቀዳዳ መልሶ መድፈን አይቻልም ነበር። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ጥብጣቡን ወደ ኋላ መልሶ በተሳሳተው ፊደል ላይ ሁሉንም ቀዳዳዎች ይበሳ ነበር፤ ተቀባዩም መሣሪያ ያን ፊደል እንዳልተጻፈ ቈጥሮ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው አስኪ በሚባለው የፊደላት ኮድ የመጨረሻው ቍጥር 127 ለዚህ ተግባር የተመደበው ሰባቱም ቀዳዳዎች ሲበሱ የሚገኘው ቍጥር 127 በመሆኑ ነው። ይህ ፍጹም ድልዝ ነው። በአገራችንም አቶ ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣ በመሆኑ፣ የዚህ መሣሪያ ነገር ለፊደላችን ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም።

በኋላም ኮምፒዩተሩ ከሰው ጋር በጽሕፈት መኪና መሰል መሣሪያ ይነጋገር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ በቀደምት ዕትሞቹ ለእርማት ሁለት ምልክቶችን ይዞ ነበር፤ «#» ከፊቱ ያለውን አንድ ፊደል ያስቀራል፣ «@» ደግሞ መስመሩን በሙሉ ዋጋ ያሳጣል። በወረቀቱ ላይ ግን ስሕተቱም ምልክቱም አብረው ታትመው ይታያሉ። የተተወው እየተነበበ ዋጋ የሚያጣ ከሆነ ይህ ስርዝ መሆኑን ማንም ጸሐፊ ይመሰክራል። የቴሌቪዥን መስኮት ያላቸው መሣሪያዎች ሲስፋፉ ፊደሉ ከስፍራው የሚነሣበትና ስፍራው ባዶ የሚሆንበት እርማት መጣ፤ ይኸውም መፋቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በዴቪድ ኮርን የተሠራው የትእዛዝ ተርጓሚ በመስመሩ መካከል ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሄዱ ማረምን አካተተ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ባሽም ሪድላይን በሚባለው የእርማት ቤተ መጻሕፍት እየተረዳ ይህንኑ አስፋፋ። ዛሬ አያሌ የፕሮግራም መሣሪያዎች በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማሉ።

በሪድላይን ውስጥ ስሙ በእንግሊዝኛ «መግደል» የሆነ ተግባር አለ። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን «ግደል» ብለውታል፤ ስሕተቱ ከድፍረቱ ይብሳል። ምክንያቱም የተገደለው ጽሑፍ አይሞትም፤ በማኅደር ተቀምጦ ሌላ ቁልፍ ሲነካ በሌላ ስፍራ ይመለሳል። ችግኝን ከመደቡ አንሥቶ በሌላ ስፍራ የሚተክል ገበሬ ገደለ አይባልም። ስለዚህ «ንቀል» እና «ትከል» የሚሉትን ጥንድ ቃላት እናቀርባለን፤ «እርማት» ከሚለው ጋርም በአንድ ማሳ ላይ የበቀሉ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የስያሜ ጉዳይ ነው። ፊደላችን ወደ ትእዛዝ መስመር ሲገባ ግን ከስያሜ የከበደ ጥያቄ ይነሣል፤ የእርማት ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ የሚወገደው ምንድን ነው?

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግእዝ ፊደልን በላቲን ፊደላት የሚወክል ሥርዓት አዘጋጁ። ስሙ ከእንግሊዝኛ ምሕጻር የተገኘ «ሴራ» ነው፤ በአማርኛ ምን እንደሚያሰማ ለአንባቢ መንገር አያሻንም፤ ነገር ግን ሥራው ቅን ነበር። በዚህ ሥርዓት «ሰላም» በአምስት የላቲን ፊደላት ስለሚጻፍ፣ «ላ»ን ወደ «ሉ» ለመለወጥ የሚፋቀው አናባቢውን የሚወክለው አንድ ፊደል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግእዝ ፊደል የራሱን ስፍራ ሲያገኝ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆነ። ይሁንና ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ስለሚቀመጥ ቃሉ በመሣሪያው ውስጥ ዘጠኝ ባይት ነው። «ም» 225፣ 136፣ 157 ሆኖ ይጻፋል፤ «ላ» ደግሞ 225፣ 136፣ 139። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቍጥሮች ከ«ሀ» እስከ «ሸ» ቤተሰብ ላሉት 64 ስፍራዎች ሁሉ የጋራ ናቸው። አንድን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ የሚያይ የቀድሞ መሣሪያ «ም»ን ሲፍቅ መጨረሻውን ባይት ብቻ ያነሣና 225ን እና 136ን ትቶ ይሄዳል፤ የጎሣው ስም ቀርቶ የሰውየው ስም ጠፋ እንደ ማለት ነው። በመስኮቱ ላይ ፊደሉ የሄደ ቢመስልም ትእዛዙ ሲላክ ስብርባሪው አብሮ ይላካል። ሪድላይን ብዙ ባይት ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ የቈጠረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ የሊኑክስም እምብርት በራሱ የእርማት ሥራ ይህንኑ እንዲያውቅ የሚያደርግ ምልክት የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ታዲያ ጉዳዩ አልቋል ማለት ነውን? አላለቀም። መሣሪያዎቹ በየጊዜው ይታደሳሉ፤ እያንዳንዱም እድሳት አሮጌውን ጥያቄ እንደ ገና ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የወጣው ፓይተን 3.13 የቀድሞውን የንግግር መስመር ትቶ ብዙ መስመሮችን ባንድነት ማረም የሚያስችል፣ በራሱ በፓይተን የተጻፈ አዲስ ማረሚያ ይዞ መጥቷል። ይህ ለተማሪ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የፊደል ስፋት ስንት ነው፣ የቃል ወሰን የት ነው የሚሉት ጥያቄዎች በአዲስ እጅ እንደ ገና ተመልሰዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እድሳት የሚመረምር ሰው በላቲን ፊደል ብቻ ሞክሮ «ደኅና ነው» ቢል የእኛን ፊደል አልሞከረም።

ለምሳሌ የቃልን ወሰን እንውሰድ። በሪድላይን የኮንትሮልና የደብልዩ ቁልፎች ባንድነት ሲነኩ ከጠቋሚው በፊት ያለው ቃል ይነቀላል፤ ወሰኑም ባዶ ስፍራ ነው። «አበበ፡በሶ፡በላ» ብሎ በሁለት ነጥብ ለጻፈ ሰው ግን በመሣሪያው ዐይን በዚህ መስመር ውስጥ ባዶ ስፍራ የለም፤ ሁለት ነጥብ በዩኒኮድ የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ወገን ነውና። ስለዚህ «በላ»ን ብቻ ሊነቅል የፈለገ አበበንም በሶውንም አብሮ ያጣል። በፊደልና በአኃዝ ወሰን የሚሠራው ሌላው የቃል መንቀያ ግን በሁለት ነጥቡ ላይ ይቆማል። ይህን ማንም አንባቢ በገዛ መሣሪያው ሊሞክረው ይችላል፤ እኛም በሥራ ክፍላችን ለሚመጣ ሁሉ በመጀመሪያ የምናሳየው ይህንኑ ነው።

የጥብቀት ምልክትም አለ። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። ምልክቱ በዩኒኮድ ራሱን የቻለ ቍጥር ያለው፣ በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጥና የራሱ ስፋት የሌለው ነው። መሣሪያው ለዚህ ምልክት አንድ ስፍራ ከቈጠረለት ጠቋሚው ከእውነተኛው ቦታ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ሰውየውም ያልፈለገውን ፊደል ይፍቃል። ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲነካ ምልክቱ ብቻ ይነሣ ወይስ ፊደሉም አብሮ? በእኛ አስተያየት መጨረሻ የተጻፈው መጀመሪያ መነሣት አለበት። የፊደላችን ስፋት ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ግእዝ ፊደል በትእዛዝ መስኮት የአንድ ላቲን ፊደል ያህል ስፋት ብቻ ይሰጠዋል፤ በዚህ ምክንያት እንደ «ጬ» እና «ሟ» ያሉት ብዙ ጊዜ ተጨፍልቀው ወይም ተቆርጠው ይታያሉ። ይህ የቅርጽ ሠሪዎች ጉዳይ ስለ ሆነ እንለፈው።

ከሁሉ የሚበልጠው የአናባቢው ጥያቄ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው ከጅምሩ ጋር የሚነሣው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው እያጋጠመ ይጽፍ ስለ ነበር፣ ቅጥያውን የተሳሳተ ጸሐፊ ግንዱን ማጣት አልነበረበትም። ዛሬ ግን «ላ»ን በ«ሌ» የተሳሳተ ሰው ፊደሉን በሙሉ ፍቆ እንደ ገና ይጽፋል። ሆኖም በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የአብዛኞቹ ቤተሰቦች ድርድር በስምንት በስምንት ስለ ሆነ፣ ከፊደሉ ቍጥር ቤተሰቡንና ሆሄያቱን መለየት ቀላል ስሌት ነው። አናባቢውን ብቻ የሚፍቅ ቁልፍ መሥራት አይከብድም፤ የሚከብደው ፊደሉ ወደ የትኛው ይመለስ የሚለው ነው። በትምህርት ልማድ መነሻው ግእዙ ነው፤ «ላ» ወደ «ለ» ይመለስ ያሰኛል። በድምፅ ረገድ ግን አናባቢ የሌለው ተነባቢ የሚጻፈው በሳድስ ነው፤ በላቲን ገበታ የሚጽፍ ሰውም ተነባቢውን ብቻ ሲነካ የሚወጣለት «ል» ነው። እኛ ወደ ሳድስ እናዘነብላለን፤ «ለ»ም የራሱ አናባቢ አለውና።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለትርፍ ሊቅነት አይደለም። በትእዛዝ መስመር ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጽፎ፣ አንድ ፊደል ሲፍቅ መስመሩ የተበታተነበት ተማሪ፣ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ አያደርግም፤ ፊደሉ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። እንዲህ የተመለሱ ብዙ እናውቃለን።

የመጨረሻውን እርማት ወደ ነበረበት መመለስን በተመለከተ፣ ከዚሁ ከጉለሌ የሚነሣ አንድ አሳብ አለን። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው ጥለቱ ሲዛነፍበት ያስገባውን ማግ ከኋለኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ይመልሳል፤ ከመካከል መዝዞ ማውጣት አይችልም። መሣሪያውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ቀልብስ» የሚለው ቃል እየተለመደ ቢሆንም ይህን የቅደም ተከተል ግዴታ አያሳይም። ከጋሞ ደጋማ አገር የመጡት ሸማኔዎች ይህን ሥራ በራሳቸው ቋንቋ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቀን ለመመዝገብ ጀምረናል።

ከዝርዝሩ ያልተወሰነ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። «ጓ» አናባቢው ሲፋቅ ወደ «ጕ» ይመለስ ወይስ ወደ «ግ»? የሰንጠረዡ ስሌት «ጕ» ይላል፤ የብዙ ጸሐፊዎች እጅ ግን «ጕ»ን ከተወ ቆይቷል። በዚህ ላይ አስተያየት ያላቸው አንባብያን ከነምክንያታቸው እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።