በላ ልበልሃ፣ አንቀጽ 19

ሕግና ግጥም አይጋጠሙም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የበላ ልበልሃን ነገር ያልሰማ ነው። በሰሜኑ ደጋ ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ቤት በሚመታ ቃል ይፋጠጡ ነበር። አንዱ ማር ሲወራረድ ሌላው በቅሎ ይላል። መንገደኛ ሳይቀር «ዳኘን» ተብሎ ይቀመጣል። እውነት የያዘ ሁሉ አይረታም፤ አንደበትም ያስፈልጋል።

አንደበቱ ግን በየትኛው ቋንቋ? እዚህ ላይ ሰቆጣን እናስታውስ። ዋግ ከዛጉዌ ዘር ነን የሚሉ የዋግሹሞች አገር ናት። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ የነገሠው ከዚያው ነው። የደጋው ገበሬ ቋንቋ ግን ኽምጣኛ ነው። በአማርኛ ቤት የማይመታለት ኽምጣኛ ተናጋሪ በአማርኛ ችሎት ፊት ጉዳዩ ግማሹ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስለናል። ስለዚህ በላ ልበልሃን ስናደንቅ ትንሽ ቆጠብ እንበል።

በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ ሙግቱ ወደ ወረቀት ገባ፤ ባለ አንደበቱም ቦታውን ለራፖር ጸሐፊ ለቀቀ። ከዚያ በፊት፣ በ1941 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ሁለንተናዊውን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በምዕራፍ ሦስት መብቶቹን ዘረዘረ።

እኛም ወደ ጥንቱ ልማድ ተመልሰን አንቀጽ 19ን ቤት ልናስመታው ሞከርን፦

ለምን እንደያዝከኝ ንገር በቋንቋዬ፣
ያልገባኝን ክስማ አይችልም ጫንቃዬ።

ደስ ብሎን ነበር። ኋላ ከሕጉ ጋር ስናስተያየው ግን ግጥማችን አጭበርብሯል። ሕጉ የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው አለ እንጂ በገዛ ቋንቋው አላለም። አማርኛ የሚሰማ የሰቆጣ ሰው በአማርኛ ቢነገረው ሕጉ አልተጣሰም። በቤት መምቻው ስንስገበገብ የሌለ መብት ሰጠን፤ «ወዲያውኑ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ጣልናት፤ እስር ቤት ላለ ሰው ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ሆና ሳለ።

አንቀጽ 20 ላይ ስንደርስ ጠንቀቅ አልን። እዚያ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ያልገባው ተከሳሽ አስተርጓሚ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል፤ ወጪውም የመንግሥት ነው። እንዲህ ወጣልን፦

ችሎቱ በአማርኛ፣ ሰሚው በኽምጣኛ፣
በመንግሥት ወጪ ነው አስተርጓሚው ለእኛ።

ይቺኛዋ ዳኛ ፊት ብትቀርብም የምታሳፍረን አይመስለንም።