ቫይረሶች፦ ብዝኃነታቸውና በሕይወት ዓለም ያላቸው ድርሻ

ቫይረስ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው በሽታ ቢሆንም፣ በሰው፣ በእንስሳትና በዕፅዋት ላይ ጉዳት የሚያደርሱት ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው። ቫይረሶች ዲ.ኤን.ኤ. ወይም አር.ኤን.ኤ. የተባለውን የዘር መልእክት በፕሮቲን ሽፋን ጠቅልለው የሚይዙ ረቂቅ አካላት ሲሆኑ፣ የሚባዙት ሕያው ሕዋስ ውስጥ ሲገቡ ብቻ ነው።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892 የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ካለፈ በኋላም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳየ። ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በ1898 ይህን አዲስ ተላላፊ ነገር ቫይረስ ሲል ሰየመው። እስካሁን በይፋ የተመደቡት ዝርያዎች ከ10 ሺህ በላይ ናቸው።

በአንድ ሚሊ ሊትር የገጸ ባሕር ውኃ ውስጥ 10 ሚሊዮን ያህል ቫይረሶች እንደሚገኙ ጥናቶች ያመለክታሉ። አብዛኞቹ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ሲሆኑ፣ የባክቴሪያውን ብዛት ከመቆጣጠራቸውም በላይ ከሞተው ሕዋስ የሚለቀቀው ንጥረ ነገር ለሌሎች ተሕዋስያን ምግብ ይሆናል። ከሰው ልጅ ዘረመል 8 በመቶ የሚሆነውም ከጥንት ቫይረሶች የተወረሰ ነው። የእንግዴ ልጅ በሚፈጠርበት ጊዜ የሚያገለግል አንድ ፕሮቲን የተገኘው ከዚሁ ውርስ ነው።

በአንጻሩ የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በሀገራችን ለደረሰውና «ክፉ ቀን» በሚል ለሚታወቀው ረሃብ ዋነኛ ምክንያት ነበር። በሬዎች በማለቃቸው ገበሬው የሚያርስበት አጥቷል። ቫይረሱ አንድ ዓይነት ብቻ በመሆኑ፣ ያገገመ ወይም የተከተበ ከብት ዳግም ባለመያዙና ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት በመገኘቱ በሽታውን ማጥፋት ተችሏል። ኢትዮጵያ በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መጥፋቱ በ1980 የታወጀው ፈንጣጣ ነው።

የዚሁ ቫይረስ ዘመድ የሆነው የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ግን አሁንም የአርብቶ አደሩን ሀብት እያጠቃ ይገኛል። በሽታውን እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ግብ ተቀምጧል። ለዚህም የሚረዳ ውጤታማ ክትባት አለ። ይሁን እንጂ ክትባቱ ቅዝቃዜው ተጠብቆ እስከ ቀበሌ ካልደረሰና የበሽታው ምልክት በታየበት ወቅት ሪፖርት ካልተደረገ፣ በአንድ ወረዳ የቀረ ቫይረስ በእንስሳት እንቅስቃሴ ወደ ሌላው መዛመቱ አይቀርም። በመሆኑም የደስታ በሽታን ለማጥፋት ያስቻለው ትዕግሥትና ቅንጅት በየደረጃው ካሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ዛሬም ይጠበቃል።