ከአባት ስም ጀርባ ያለች እናት፦ ክሮቶዋና የኬፕ ሰፋሪዎች የዘር ሐረግ

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳይማን የሚባል ሰው ዘሩን በአባቱ በኩል ወደ ኋላ ቢቆጥር፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንጅላት እያለ የሚደርሰው ዳንኤል ዛይማን ዘንድ ነው። ዳንኤል በ17ኛው መቶ ዘመን ከኔዘርላንድስ፣ ከፍሊሲንገን ወደብ የመጣ ሰፋሪ ነበር። ብዙ ቆጣሪ እዚህ ላይ ያቆማል። የዳንኤልን ሚስት ማንነት የሚጠይቅ ግን ሰፋሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ ከኖሩት ሰዎች ቤት ይገባል። እኔ እንደማምነው የቤተሰቡ ዋና ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

የሚስቲቱ እናት ክሮቶዋ ትባላለች፤ ከኮይ ሕዝብ፣ ከጎሪንግሃይኮና ወገን ነበረች። ያን ፋን ሪቤክ እ.ኤ.አ. በ1652 የኔዘርላንድስን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች ይዞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወዳለችው ኬፕ ሲደርስ ገና ልጅ ነበረች፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤቱ አስገባት። ደችኛ አቀላጥፋ በመናገሯ በኩባንያውና በኮይ አለቆች መካከል አስተርጓሚ ሆነች። ከብት ሲገዛም፣ ጠብ ሲነሣም፣ ዕርቅ ሲወርድም ቃሉ የሚያልፈው በእሷ አንደበት ነበር። በ1662 ተጠምቃ ኤቫ ተባለች፤ በ1664 ደግሞ ፒተር ፋን ሜርሆፍ የተባለውን ዴንማርካዊ የኩባንያ ሐኪም አገባች። በኬፕ በአንዲት የኮይ ሴትና በአንድ አውሮፓዊ መካከል በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መፈጸሙ የተመዘገበው የመጀመሪያው ጋብቻ ይህ ነው።

ባሏ የሮበን ደሴት ኃላፊ ሲሆን አብራው ሄደች። እሱ ግን ለኩባንያው ወደ ማዳጋስካር ተልኮ በዚያው ተገደለ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ያደረገባትን ሳነብ እቆጫለሁ። መጠጥ አበዛች ተብላ ተከሰሰች፤ ልጆቿ ተነጥቀው ለሌሎች አሳዳጊዎች ተሰጡ፤ እሷም ወደ ሮበን ደሴት ተጋዘች። በ1674 ስትሞት በኩባንያው የዕለት መዝገብ ላይ ክፉ ቃል ተጻፈባት፤ አስከሬኗ ግን በክርስቲያን ሥርዓት በኩባንያው ምሽግ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ልጆቿ ጴጥሮኔላና ሰሎሞን በ1677 ወደ ሞሪሸስ ተወሰዱ። ጴጥሮኔላ ዳንኤል ዛይማንን ያገባችው እዚያ ነው። ስምንት ልጆች ወለዱ፤ አንዷንም ኤቫ አሏት። ያቺ የተዋረደች እናት በልጇ ዘንድ የተከበረች እንደነበረች ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ቤተሰቡ በ1709 ወደ ኬፕ ተመለሰ።

እንዲህ ያለች እናት ከቤተሰቡ ትዝታ ለምን ወጣች? አንዱ ምክንያት የአቆጣጠሩ ስልት ነው። ክሪስቶፌል ኩትዚ ደ ቪሊየርስ ያዘጋጀው የድሮ የኬፕ ቤተሰቦች መዝገብ፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1893 እና በ1894 ታተመ፤ ለብዙ ተመራማሪዎችም መነሻ ሆነ። ስልቱ መሥራቹን አባት «ኤ»፣ ልጆቹን «ቢ»፣ የልጅ ልጆቹን «ሲ» እያለ ይወርዳል። ሴት ልጅ ካገባች በኋላ ልጆቿ የሚቆጠሩት በባሏ ቤት ነው። ድካሙን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ክሮቶዋን አልፏት ይሄዳል።

ሌላው ምክንያት ፖለቲካ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በ1949 በነጮችና በሌሎች መካከል የሚፈጸምን ጋብቻ ከለከለ፤ በ1950 ደግሞ እያንዳንዱን ዜጋ በዘር መዘገበ። እንደ ክሮቶዋ ያለች ቅድመ አያት መገኘቷ በዚያ ዘመን የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ገና ሳይፈርስ፣ በ1971፣ ዮሃነስ ሄዘ የቤተ ክርስቲያን መዛግብትን አገላብጦ፣ አፍሪካነር ከሚባሉት የሰፋሪዎቹ ዘሮች የዘር ምንጭ 7 በመቶ ያህሉ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ስሌት አሳተመ። የአፓርታይድ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ፍሬደሪክ ዊሌም ደ ክለርክ ራሱ ከክሮቶዋ ዘር ነው።

ዛሬ ብዙዎች መልሱን ከዘረመል ምርመራ ይጠብቃሉ። በአባት በኩል ሳይማን የሆነ ወንድ ግን ዋይ ክሮሞዞሙ የሚመራው ወደ ዳንኤል ብቻ ነው። ከእናት የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያ የክሮቶዋን መስመር የሚያሳየው፣ ከጴጥሮኔላ ልጅ ከኤቫና ከእህቶቿ ጀምሮ ሳይቋረጥ ከሴት ልጅ ወደ ሴት ልጅ በወረደ ትውልድ ነው። የእነዚያ ሴቶች ልጆች በየአባቶቻቸው ስም ስለተመዘገቡ፣ መስመሩን የሚሻ ሰው በየትውልዱ ስም እየለወጠ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ማገላበጥ ይኖርበታል።