ልዩነትን መቀበል የአንድነት መንገድ ስለ መሆኑ



የሐዋሳ ከተማ ዕድሜዋ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር ከተቆረቆረች ወዲህ ከሲዳማው ጋር ስልጤው፥ ሃላባው፥ ጉራጌው፥ የአርሲ ኦሮሞውና ወሎዬው ተጎራብተው ይኖሩባታል። ከእነዚህም መካከል የእስልምና ተከታዮች የሆኑት ዓርብ ቀን ለጁምዓ ሶላት ባንድ ሶፍ ሲቆሙ፥ በየቤታቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዳንዱም በሶላት ጊዜ እጁን የሚያሳርፍበት ስፍራ ከጎረቤቱ ይለያል። ፊታቸው ግን ወደ አንድ ቂብላ ነው።

ለመሆኑ አንድነት የሚባለው ምንድን ነው? ልዩነትን አጥፍቶ ሁሉን አንድ መልክ ማስያዝ ነውን? ወይስ ልዩነትን እንደ ያዙ መተባበር? ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ የተሻለ መልስ ሰጪ አይገኝም።

በነቢዩ ሙሐመድ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል የሐበሻ ዘር የነበረው ቢላል፥ ፋርሳዊው ሰልማንና ሮማዊ ተብሎ የሚጠራው ሱሀይብ ይገኙ ነበር። ሕዝቡን ወደ ሶላት እንዲጠራ የተመረጠውም የመካ መኳንንት ልጅ ሳይሆን፥ ትናንት ባሪያ የነበረው ቢላል ነው። ቁርአንም ሰዎች በነገድና በሕዝብ ተለያይተው የተፈጠሩት እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ መሆኑን ያስተምራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. የቁረይሾች ግፍ የበዛባቸው ሙስሊሞች ወደ ሀገራችን በተሰደዱ ጊዜ፥ ክርስቲያኑ ንጉሥ በሃይማኖት የማይመስሉትን እንግዶች ተቀብሎ ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጠም።

ከዚያም በኋላ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት በብዙ ነገር ተለያዩ። ነገር ግን ከእነርሱ ታላላቆቹ ልዩነትን እንደ ጠላት አልቈጠሩትም። አንድ የአባሲዶች ኸሊፋ የኢማም ማሊክን መጽሐፍ በግዛቱ ሁሉ ብቸኛ ሕግ ሊያደርገው ባሰበ ጊዜ፥ ኢማሙ ራሳቸው የነቢዩ ባልደረቦች በየሀገሩ ዕውቀት ዘርተዋልና ሕዝቡ ከእነርሱ የተማረውን ይያዝ ብለው እንደ ከለከሉት ይነገራል። የገዛ ሐሳቡ በሥልጣን ኃይል እንዲገዛ ተጠይቆ እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ኢማም ሻፊዒም በኢማም አቡ ሐኒፋ መቃብር አጠገብ በሰገዱ ጊዜ፥ በንጋት ሶላት ያደርጉት የነበረውን ቁኑት ለሟቹ ሊቅ ክብር ሲሉ እንደ ተዉት ይተረካል።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በወሎ ጀማ ንጉሥ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያን መንገድ ያስተምሩ ነበር። በየዘመኑም ከጅማና ከአርሲ የተነሡ ደረሶች ኪታብ ፍለጋ እስከ ወሎ ይጓዙ ነበር። መንዙማው በዐረብኛ፥ ባማርኛና በኦሮምኛ ተዜመ። አጀሚ በሚባለው አጻጻፍም በሐረር ሐረሪኛ፥ በወሎ አማርኛ በዐረብ ፊደል ተጻፈ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ቁርአን ባማርኛ ተተርጉሞ ታተመ። ሃይማኖቱ የሕዝቡን ልሳን ስለ ተቀበለ ሥር ሰደደ እንጂ አልተከፋፈለም።

በግድ የሚፈለግ አንድነት ግን ፍሬው መራራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች በግድ ሰለሙ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ እንደ ሼኽ ጦልሐ ያሉ ሊቃውንት ተቃወሙ፤ ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። በሁለቱም ጊዜ የተፈለገው አንድነት አልተገኘም፤ ቂም ግን ተረፈ።

በአንጻሩ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነትን ለመጠየቅ በሰልፍ በወጡ ጊዜ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ከለውጡም በኋላ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሀገር በዓላት ሆኑ።

በሙስሊሙ መካከልም እንዲሁ ነው። በ2004 ዓ.ም. አንድ ዓይነት ትምህርት በሁሉ ላይ ሊጫን ነው በሚል ቅሬታ ብዙ ክርክርና እስራት ደረሰ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን በአመለካከት ይለያዩ የነበሩ ዑለማዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአንድነት ስምምነት አደረጉ፤ ሐጂ ሙፍቲ ዑመር ኢድሪስንም መሪ አድርገው መረጡ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሆኖም ባንድ ጉባኤ ተቀምጦ መከራከርና ተለያይቶ መወነጃጀል አንድ አይደሉም።

እንግዲህ እንደ ሐዋሳ ባለች፥ ሁሉ ከየአቅጣጫው በተሰበሰበባት ከተማ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ከአባቶቹ የሚማረው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ወይ በጎረቤቱ አሰጋገድ ምክንያት ሶፉን ለይቶ መቆም፥ ወይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መስገድ። ኢማም ማሊክ ለኸሊፋው የሰጡት መልስ ዛሬም ለእያንዳንዱ አባት የተሰጠ መልስ ነው። ልጆቻችንም በዚሁ መንገድ እንዲያድጉ ማድረግ የእኛ የወላጆች ግዳጅ ነው።