ሞክሼዎቻችን፦ ታቦር የሚለው ስም የማን ነው?



ባለፈው ወር ስብሰባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ማኅበራችንን «ታቦር» ብለን ለማስመዝገብ የላክናቸው ሦስት እኅቶች «ስሙ በሌላ ማኅበር ተይዟል፤ አንድ ቃል ጨምሩበት ወይም ለውጡት» ተብለው ተመለሱ። ያን ጊዜ ቤቱ ተንጫጫ። አንዷ «የአገራችንን ስም ማን ቀድሞን ወሰደው?» አለች። ሌላዋ «እንግዲያው ይቅርብን፤ ሌላ እንፈልግ» አለች። አንዲት እናታችን ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሞክሼ ስላጋጠመው ስሙን የሚለውጥ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። ይህን የጻፍሁት ለእርሳቸው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው።

ከመጀመሪያው ታቦር ልነሣ። ታቦር በገሊላ፣ በዛሬው እስራኤል የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው 600 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ2,600 ሜትር በላይ ሆኖ ወደ ጉና እያንጋጠጠ ላደገ የእኛ ሰው ኮረብታ እንጂ ተራራ አይመስለውም። ግን ሜዳ ላይ ብቻውን ስለቆመ ከሩቅ ይታያል። ክርስቶስ ብርሃኑን የገለጠበት ተራራ ይኸው መሆኑን የምናውቀው በትውፊት ነው። ወንጌል «ረጅም ተራራ» ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም።

ብዙዎቻችን የማናስበው ሌላ ታሪክም አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ዲቦራ የምትባል ሴት በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር። ባርቅ የሚባለውን የጦር አለቃ ጠርታ 10,000 ሰው ይዞ ወደ ታቦር እንዲወጣ አዘዘችው። እርሱም አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም አላት። አብራው ወጣች፤ ከተራራው ወርደውም የሲሣራን ሠራዊት ድል አደረጉ። እንግዲህ ታቦር በመጽሐፍ ሲነሣ አንዲት ሴት ዳኛ አብራ ትነሣለች ማለት ነው።

አባቶቻችን የቅዱሳት ቦታዎችን ስም ወደ አገራችን ማምጣት ይወዱ ነበር። ደብር በግእዝ ተራራ ነው፤ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ ማለት ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ደብረ ዘይት የሚሉት ስሞችም እንዲሁ የመጡ ናቸው። በላሊበላም ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ አለ። ኢየሩሳሌም ለመሳለም ስንቱ ይችል ነበር? ያልቻለው በስሙ አገሩ ላይ ያገኘዋል።

ከተማችንን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መናገሻቸው ያደረጓት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ይህም ስም የተወሰደው ዲቦራ ካለችበት ከዚያው መጽሐፍ ነው። ቀጥሎ ራስ ዓሊ ተቀመጡባት። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ገጠሟቸው። ራስ ዓሊ ከጦሩ ሜዳ ሸሹ፤ ውቤ ድል አድርጌያለሁ ብለው ደስታ ላይ ሳሉ የዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን በዚያ ዘመን ጦር ያዘዙ ሴት ነበሩ። እርሳቸውም ሞክሼ አላቸው፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን አስፋው። በአንድ ስም አንዷ ጦር አዘዙበት፣ አንዷ ትምህርት ቤት ከፈቱበት።

ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ትልቁን መድፍ አቀለጡ። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። እኛ የራሳችን የምናደርገው ይህ ስም በክራይሚያ ያለ የወደብ ከተማ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተከብቦ የተዋጋ ከተማ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። የዚያን ጊዜ ሠራዊት ያለ ሴት አይንቀሳቀስም ነበር፤ እህል ፈጭታ፣ ውሃ ቀድታ፣ ስንቅ ተሸክማ የምትከተለው ሴት ናት። የመድፉን ስም ሁሉ ያውቃል፤ የእነርሱን ስም የጻፈ የለም። ከተማዪቱ ግን ብትቃጠልም ስሟ አልተቃጠለም።

አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግረን ወደ ሌላዋ ሞክሼ እንሂድ። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ታቦር የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1415 ያን ሁስ የሚባል ሰባኪ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ በየተራራው ይሰበሰቡ ነበር። በ1420 አንድ ኮረብታ ላይ ሰፍረው በገሊላው ተራራ ስም ታቦር አሏት። ዛሬ በቋንቋቸው ታቦር ማለት ሰፈር፣ የጦር ሰፈር ማለት ነው። የእኛም «ከተማ» የሚለው ቃል በጥንቱ አማርኛ የንጉሥና የመኳንንት ሰፈር ማለት ነበር። ሁለቱም ታቦሮች በድንኳን ተጀምረው በድንጋይ የተተከሉ ናቸው።

ለማኅበራችን የሚጠቅም ነገር የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ወደዚያች ከተማ የገባ ሰው ሁሉ ያለውን ገንዘብ አደባባይ ላይ በተቀመጡ ትልልቅ ገንዳዎች እንዲጨምር ይደረግ ነበር፤ የእኔ የአንቺ የለም፣ ሁሉም የጋራ ነው ተባለ። መሣሪያ ይዘው የተዋጉ ሴቶችም ነበሩባት። ነገር ግን የገባው እያለቀ ሄደ፤ ዓመቱ ሳይዞር መሪዎቹ እንደ ቀድሞዎቹ ጌቶች ከገበሬው ግብር መሰብሰብ ጀመሩ። ስሙ ቅዱስ ነበር፤ ሳጥኑን ግን ስም አይሞላውም። በየወሩ መዋጮ የምናወጣ፣ ደብተራችንን በሦስት እጅ የምንፈርም እኛ ይህ ይገባናል።

ሌሎችም አሉ። በአሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ በምትባል ከተማ መካከል ታቦር የሚባል የጠፋ እሳተ ገሞራ አለ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ተሠርቶበታል። በአገራችንም ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ታቦር ተራራ አለ፤ ክፍለ ከተማም በስሙ ተጠርቶበታል። አንዱም ሌላውን ስሜን መልስልኝ አላለውም።

እንግዲህ የእናታችን ጥያቄ ይመለስ። ስሙ የማን ነው? እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ስም የቀደመው ሰው ርስት አይደለም፣ የሚሠራበት ሰው ነው። ነሐሴ 13ን አስቡ። በዓሉም ደብረ ታቦር ይባላል፤ ከተማችን ከበዓሉ ጋር ሞክሼ ናት። ጅራፉን የሚያጮኸው ወንድ ልጅ ነው፤ ችቦውን የሚያበራውም እርሱ ነው። እየዞረ ሆያ ሆዬ ሲል ግን የሚጠብቀው የእናት ሙልሙል ነው። በትውፊታችን በዚያች ሌሊት እረኞቹ ከብርሃኑ የተነሣ መሽቶ ሳይታወቃቸው በሜዳ ቀሩ፤ ኅብስት ይዘው ሊፈልጓቸው የወጡት ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ነገሥታቱ ከተማዋን ሠሯት፣ አቃጠሏት፣ ትተዋት ሄዱ። በየዓመቱ ሊጥ አቡክታ ስሙን ለልጅ እጅ የምታቀብለው ሴት ግን አንድም ዓመት አልቀረችም።

ስለዚህ ስሙን አንተወው። ቃል ጨምሩበት ካሉን እንጨምርበት። የእኔ ሐሳብ «ሙልሙል ታቦር» እንድንባል ነው። «ዲቦራ ይሻላል» የምትልም ካለች ደስ ይለኛል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ እናወጣለን። ብቻ የመረጥነው ቃል ምንም ይሁን፣ አንዲት እኅት ስትታመም ወይም ስትወልድ ደጇ ላይ ቀድሞ የሚገኝ ስም እናድርገው። ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ያሉ ሞክሼዎቻችን ስማችንን ወሰዱብን ብለው አያዝኑም፤ ሞክሼያችን ናቸው ብለው ይኮራሉ።

ቸር ያገናኘን።