ትልቁ ኮምፒዩተርና የተፈራረቁበት ጌቶች

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ትልልቅ ኮምፒዩተሮችና ሠሪዎቻቸው ስለሆኑት ኩባንያዎች መሸጥና መገዛት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ አሽዶድ ወደብ አንድ መርከብ በአንድ ክሬን ብቻ ቢራገፍ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ ክሬኖች ቢረባረቡበት ግን ቶሎ ያልቃል። ሆኖም የጭነት መኪናዎቹ መንገድ ካልሰፋ ዕቃው እዚያው ይከማቻል። ሰርቨር የሚባለው ትልቅ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ሒሳቡን የሚሠሩት ፕሮሰሰሮች ብዙ ሆነው አንድ የጋራ ማስታወሻ ስለሚጠቀሙ፣ ከባዱ ሥራ ቁጥራቸውን ማብዛት ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን መንገድ ማስፋት ነው።

በአሜሪካ ክሬይ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ በ1991 የከሰረውን የፍሎቲንግ ፖይንት ሲስተምስን ንብረት ገዝቶ፣ በ1993 እስከ 64 ፕሮሰሰር የሚይዝ ሰርቨር አወጣ። በ1996 ሲሊከን ግራፊክስ ክሬይን ገዛ። ነገር ግን ይህ ሰርቨር የሚሠራው በተፎካካሪው በሰን ማይክሮሲስተምስ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለነበረ አልፈለገውምና ክፍሉን ለራሱ ለሰን ሸጠው። ሰንም ሥራውን አሻሽሎ በ1997 ኢንተርፕራይዝ 10000 የተባለውን ሰርቨር አውጥቶ እጅግ አተረፈበት። ሻጩ ሲሊከን ግራፊክስ በ2009 ከሰረ። ሰንም አልቀረለትም፤ በ2010 ኦራክል ጠቀለለው።

በእስራኤልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1999 በዮቅነዓም የተቋቋመው ሜላኖክስ ብዙ ኮምፒዩተሮች ተያይዘው እንዲሠሩ የሚያደርግ ፈጣን መገናኛ ሠርቶ ስመ ጥር ሆነ። በ2020 የአሜሪካው ኤንቪዲያ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛው። ስሙ ተለወጠ፤ የመሐንዲሶቹ ሥራ ግን እዚያው ዮቅነዓም ቀጠለ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ትምህርት ሲመርጥ በኩባንያ ስም አይማረክ። ስም በአንድ ቀን ፊርማ ይሸጣል፤ በቢቨርተን መሐንዲሶች እጅ የነበረው ሙያ ግን ሦስት ጌቶችን አሳልፏል።

እናንተም የምትሠሩበት ፋብሪካ ቢሸጥ አትደንግጡ። በ1963 የወጣው የእስራኤል የስንብት ክፍያ ሕግ በአንድ አሠሪ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በአንድ የሥራ ቦታ የተሠራውንም ዘመን ይቆጥራል። ስለዚህ አሠሪው ቢለወጥ የአገልግሎት ዘመናችሁ በመሠረቱ አይቋረጥም። ማስረጃው ግን በእጃችሁ ይሁን፤ ትሉሽ የሚባለውን የደመወዝ ወረቀት፣ የቀድሞውን አሠሪም የአዲሱንም፣ ከወር እስከ ወር አስቀምጡ። ሳታነቡና ሳትጠይቁም ምንም ወረቀት አትፈርሙ።