የመኪና ማቆሚያ ሴንሰር፦ የኤሌክትሪክ ብልሽት ምርመራ
የማቆሚያ ሴንሰር ፓራውልት ላይ ተገጥሞ፣ ጆሮ የማይሰማውን 40 ኪሎኸርዝ ገደማ የሆነ ድምፅ እየላከ በሚመለሰው ማሚቶ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሲበላሽ ጥፋቱ የሚላከከው በሴንሰሩ ላይ ቢሆንም፣ ምርመራው መጀመር ያለበት ከሽቦው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዱርቤቴ፣ የክረምት ጭቃ ሴንሰሩ ላይ ሲለጠፍ ብልሽት መስሎ ያታልላል (መጥረግ ገንዘብ አያስወጣም)፤ ውሃው ግን የሽቦውን መጋጠሚያ ያዝጋል። ሴንሰሮቹ ሁሉ በአንዴ ከጠፉ፣ አብረው ተቃጠሉ ማለት ያዳግታል፤ ፊውዙን፣ ኔጌቲቩንና፣ ከፋብሪካ ሳይሆን በኋላ በተገጠሙት ላይ፣ ከኋላ ማርሽ መብራት የሚመጣውን 12 ቮልት በቴስተር መለካት ይቀድማል። ሴንሰርም ይሞታል የሚለው ሙግት እውነት አለው። አንዱ ብቻ ሲጠፋ፣ ተመሳሳይ ከሆነው ጎረቤቱ ጋር ማቀያየር ይለየዋል፦ ጥፋቱ ሴንሰሩን ተከትሎ ከሄደ የሞተው እሱ ነው፤ እዚያው ከቀረ ሽቦው ወይም መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ነው።